ሦስቱ መንገዶች በሚኤሶ፤ የቅቤ ብስኩት በባቡሩ ከተሞች

የአንድን አገር ታሪክ የሚመረምር ሰው ብዙ ጊዜ ዐይኑን የሚጥለው በነገሥታት ዜና መዋዕል፥ በጦርነትና በውል ሰነድ ላይ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ መንግሥት የሚቆመውና የሚወድቀው በእነዚህ ነውና። ነገር ግን ከዚህ ታሪክ ጎን ለጎን ጸሐፊ ያልቆመለት ሌላ ታሪክ አለ፤ ይኸውም የማእድ ታሪክ ነው። የማእድ ታሪክ በየቀኑ እየተበላ ስለሚያልቅ፥ በማግስቱም እንደ ገና ስለሚጋገር፥ ታሪክ መሆኑን የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናወሳው ያሰብነው ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ የቅቤ ብስኩት ነው። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል፥ በባቡሩ ሐዲድ ዳርና ከሐዲዱ በላይ በጨርጨር ደጋ ባሉት ከተሞች፥ እናቶች ይህን ብስኩት በቤታቸው ሲጋግሩ ኖረዋል። ወጣቶች ዛሬ ኩኪስ ይሉታል። በዒድ፥ በሠርግና በእንግዳ አቀባበል ከሻይ ጋር ይቀርባል፤ ጥርስ ሳያስቸግር በአፍ ውስጥ ይፈራርሳል፤ ከበላተኛውም ልብስ ላይ ጥቂት ፍርፋሪ ትቶ ያልፋል። ይህ ፍርፋሪ የሚያስተምረን ታሪክ እንዳለ ለማሳየት፥ አንባቢያችንን ወደ ሚኤሶ እንወስደዋለን።

የሚኤሶ አቀማመጥ

ሚኤሶ በምዕራብ ሐረርጌ፥ በቆላው ምድር ላይ የተቀመጠች የባቡር ጣቢያ ከተማ ናት። በስተደቡብዋ የጨርጨር ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመዋል፤ በአቅራቢያዋም ጥንታዊው ገዳም ያለበት የአሰቦት ተራራ ይታያል። በስተሰሜንዋ ያለው ሜዳ እስከ ኢሳና እስከ አፋር ግጦሽ ድረስ ይዘልቃል። ከጭሮ፥ ማለትም ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል ከነበረችው ከተማ፥ ወደ ሐዲዱ የሚወርደው መንገድ ቆላውን የሚያገኘው በእርስዋ በኩል ነው።

ጨርጨር በ1910ሮቹ ዓመታት በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አገረ ገዥነት ሲተዳደር፥ ለሌሎች ግዛቶች አርአያ እንዲሆን የታሰበ አውራጃ ነበር። አሰበ ተፈሪም የዚህ ዐሳብ ልጅ ናት። በሩሲያ አገር የተማሩት እኒህ ሰው ከተማዋን በደጋው ላይ ሲያቋቁሙ፥ ከሐዲዱ ጋር የሚያገናኛት በር ሚኤሶ ነበረች። የጨርጨር ቡና በዚህ በር ወርዶ ወደ ባሕር ሄዷል፤ ከባሕር የመጣውም ዕቃ በዚሁ በር ወጥቷል።

እንግዲህ በዚህ ስፍራ ሦስት መንገዶች ይገናኛሉ ማለት ነው። አንዱ የቆላው ከብት የሚነዳበት ነው፤ ሁለተኛው የደጋው እህል የሚወርድበት ነው፤ ሦስተኛው የባቡሩ ሐዲድ ነው። የቅቤ ብስኩትም የሚሠራው ከሦስት ነገር ብቻ ነው። ቅቤው ከመጀመሪያው መንገድ፥ ስንዴው ከሁለተኛው፥ ስኳሩ ከሦስተኛው ይመጣል። ከሦስቱ አንዱ በተዘጋ ጊዜ ብስኩቱ ከቤት ይጠፋል። የምንተርከው ታሪክ በአጭሩ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው መንገድ፤ ቅቤ

ቅቤ በአገራችን ከምግብነት አልፎ የኑሮ ምልክት ሆኖ ኖሯል። አራስ ትጠየቅበታለች፤ ሙሽራ ትቀባዋለች፤ አንደበቱ የለዘበ ተንኮለኛም «አፈ ቅቤ፥ ልበ ጩቤ» ይባልበታል። በጨርጨርና በሚኤሶ ቆላ የሚኖሩት የኢቱ ኦሮሞዎች ዸዻ ይሉታል። በከብት አርቢው ልማድ ላሙ የባል ቢሆንም ወተቱና ቅቤው በሚስት እጅ ነው፤ ወደ ገበያ ይዛው የምትወጣው፥ ዋጋውን የምትቆርጠው፥ ገንዘቡንም ለቤቱ የምታውለው እርስዋ ናት። ስለዚህ የቅቤ ታሪክ ከሁሉ አስቀድሞ የሴቶች ገንዘብ ታሪክ ነው።

የአገራችን ቅቤ አሠራርም የራሱ ጠባይ አለው። በአውሮፓ ዘንድ ቅቤ የሚወጣው ከወተቱ ላይ ከተገፈፈው ስልባቦት ነው። በእኛ ዘንድ ግን ወተቱ እንዳለ ለጥቂት ቀን ተጠራቅሞ ከረጋ በኋላ በቅል ወይም በሸክላ ዕቃ ይናጣል። ዕቃው አስቀድሞ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ ጢሱ መልካም ሽታ ከመስጠቱም በላይ ወተቱን ቶሎ ከመበላሸት ይጠብቃል። ቅቤው ሲወጣ አሬራው ይቀራል፤ አሬራውም በእሳት ሲሞቅ አይብና አጓት ይሆናል። ምንም ነገር አይጣልም።

ከዚህ የተነሣ ገበያ የሚወጣው ቅቤ በውስጡ ውሃና አሬራ ይይዛል፤ ይህም ከክብደቱ አምስተኛው እጅ ገደማ ይሆናል። ገዢዎች ለጋ፥ መካከለኛና በሳል እያሉ የሚለዩትም በዚሁ ምክንያት በሚመጣው ሽታና ጣዕም ነው። እናቶች ቅቤውን ሲያነጥሩ ውሃው በእሳት ይተናል፥ ዝቃጩም ከታች ይቀራል። ኮረሪማው፥ ኮሰረቱና በሶብላው የሚጨመሩት ለወጥ ነው፤ ለብስኩት የሚሆነው ቅቤ ያለ ቅመም ይነጠራል። ይህ ነገር ኋላ ስለምንመለስበት አንባቢያችን በልቡ እንዲያኖረው እንለምናለን።

ሁለተኛው መንገድ፤ ዱቄትና እሳት

ብዙ ሰው ብስኩት በመሠረቱ የውጭ አገር ነገር እንደ ሆነ ይገምታል። ስሙ በእርግጥ የውጭ ነው፤ የአሠራሩን ፍሬ ነገር ስንመረምረው ግን ከዚህ አገር እናቶች እጅ ያልራቀ ሆኖ እናገኘዋለን።

የቅቤ ብስኩት ከዳቦ የሚለየው በምንድን ነው? ዳቦ ዱቄቱ በውሃ ይታሻል። በስንዴ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር ስላለ፥ ከውሃ ጋር ሲታሽ እንደ ጅማት እየተሳሳበ ሊጡን ያጠነክረዋል፤ እርሾውም ሲነፋው እንዳይፈርስ ይይዘዋል። በቅቤ ብስኩት ግን ውሃ አይገባም። ቅቤው የዱቄቱን ቅንጣት በየራሱ ስለሚሸፍነው ጅማቱ ሊፈጠር አይችልም፤ ስለዚህ የተጋገረው ነገር ሳይለጠጥ ይፈራርሳል። ዱቄትን በውሃ ፋንታ በቅቤ ማያያዝ፤ ምስጢሩ ይህ ብቻ ነው።

ይህን ምስጢር የእኛ እናቶች ጭኮ በሚባለው ምግብ ውስጥ ያውቁት ነበር። ጭኮ በአርሲ፥ በሰላሌና በሌሎችም የኦሮሞ አገሮች የታወቀ ሲሆን፥ ገብስ ተቆልቶ ከተፈጨ በኋላ በነጠረ ቅቤ ይለወሳል። ውሃ የለበትም፤ ለብዙ ቀን ሳይበላሽ ይቆያል፤ ለመንገደኛና ለተከበረ እንግዳ ይቀርባል። እህሉ አስቀድሞ ተቆልቷልና ሁለተኛ እሳት አያስፈልገውም። ከብስኩቱ የሚለየው ዱቄቱ ከቅቤው በፊት በመብሰሉና ስኳር ባለመኖሩ ነው።

የእሳቱም ጥበብ እንዲሁ ነው። ብስኩት ከላይና ከታች እኩል ሙቀት ይሻል፤ ለዚህም ፈረንጆች ምድጃ ሠርተውለታል። ድፎ ዳቦ የሚደፉ እናቶቻችን ግን ሊጡን በኮባ ጠቅልለው፥ ከምጣዱ በታች እሳት፥ ከክዳኑ በላይ ፍም አድርገው ከሁለት ወገን ማብሰልን ከጥንት ጀምሮ ያውቁበታል። ድፎውን የጋገረ እጅ ብስኩቱን ለመጋገር ፍሙን በአመድ ሸፈን አድርጎ ማለዘብ ብቻ ይቀረዋል።

ስለዚህ ባቡሩ ሲመጣ ቅቤውም፥ ዱቄትን በቅቤ ማያያዙም፥ ከላይና ከታች ማብሰሉም በስፍራቸው ነበሩ። የጎደለው ነጩ ስኳርና የላመው ዱቄት ነበር።

ሦስተኛው መንገድ፤ ሐዲዱ

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ፈቃድ ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ዛሬ ድሬዳዋ ከምትባለው ስፍራ ደረሰ፥ ከተማዋም በዚያው ምክንያት ተቈረቈረች። ከዚያ ወዲያ በገንዘብ እጦትና በውል ክርክር ሥራው ዘገየ፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ወድቆ ሌላ ተተካ። ከዚያም ሐዲዱ ሚኤሶን አልፎ፥ አዋሽን ተሻግሮ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፥ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዐሥርተ ዓመታት ባቡሩ የሚጓዘው በቀን ብቻ ስለ ነበር፥ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኛው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፥ ሁለተኛውን በአዋሽ ያሳልፍ ነበር። በአዋሽ ጣቢያ የነበረውን የመንገደኞች ማረፊያ ግሪኮች ለብዙ ዘመን አስተዳድረውታል። በየጣቢያው መንገደኛ ባረፈ ቁጥር ሻይ ይፈላል፤ ሻይ በፈላም ቁጥር ከሻዩ ጋር የሚቀርብ ነገር ይፈለጋል። የጣቢያ ከተሞች ንግድ የተመሠረተው እንዲህ ባለው ጥቃቅን ፍላጎት ላይ ነው።

ከሐዲዱ በፊት ስኳር በእነዚህ አገሮች ፈጽሞ አይታወቅም ነበር ማለታችን አይደለም። ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው የግመል ቅፍለት የዐረብን አገር ዕቃ ከጥንት ጀምሮ ያመጣ ነበር፤ ግብፆችም ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ሐረርን ይዘው በቆዩ ጊዜ የራሳቸውን ልማድ ይዘው መጥተዋል። ነገር ግን በግመል ጀርባ የመጣ ስኳር የባለጸጋ ነገር ነበር፤ በፉርጎ ተጭኖ ሲመጣ ግን ቀስ በቀስ የሱቅ ዕቃ ሆነ።

ሐዲዱ ዕቃን ብቻ አላመጣም፤ ሰዎችንም አመጣ። በድሬዳዋ፥ በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች ግሪኮች፥ አርመኖች፥ የየመን ዐረቦች፥ ሕንዶች፥ ፈረንሳዮችና ጣልያኖች ከአገሬው ጋር ጎረቤት ሆነው ኖሩ። ዐረቦቹ ጉረይባ የሚሉት የቅቤ ብስኩት ነበራቸው፤ አርመኖቹ ኩራቢያ፥ ግሪኮቹም ኩራቢየዴስ ይሉታል። ሦስቱም ስሞች የአንድ ቤተ ሰብ ስሞች ናቸው፤ በቀድሞው የቱርክ መንግሥት ግዛት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ አንድ ብስኩት ነውና። ግሪኩ በገና፥ ዐረቡ በዒድ ይጋግረዋል፤ በበዓል ቀንም ሳሕን ከጎረቤት ወደ ጎረቤት መሄዱ በእነዚህ ከተሞች የታወቀ ወግ ነው።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ መግጠም አለ። ዐረቦቹ ጉረይባን የሚሠሩት ሰምን በሚሉት የነጠረ ቅቤ ነው። እንግዲህ ቅቤ ማንጠርን ከእናትዋ የተማረች የጨርጨር ሴት፥ ከዐረቧ ጎረቤትዋ ዘንድ ስትደርስ የሥራውን እኩሌታ አስቀድማ ታውቀው ነበር ማለት ነው። ከኮረሪማ ጋር የሚዛመደውን ሄልንም ቢሆን የምሥራቁ ማድ ቤት ከሻይ ጋር ለምዶታል።

ቃላት እንደ ሰነድ

የማእድን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ቃላት እንደ ሰነድ ያገለግላሉ። ስኳር የሚለው ቃል ከሕንድ ተነሥቶ በዐረብ በኩል ዓለምን የዞረ ነው። ፉርኖ የጣልያን ቃል ሲሆን ትርጉሙ ምድጃ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን የዳቦውና የላመው ነጭ ዱቄት ስም ሆኖ ቀርቷል። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን በቆየበት ጊዜ ለሠራዊቱና ለሰፋሪው ዳቦ ቤቶችን አስፋፍቷል፤ ድል ሆኖ ሲወጣም ቃሉና ምድጃው ቀሩ።

ብስኩት የሚለው ቃል ደግሞ ከላቲን ሥር የመጣ ሲሆን ሁለት ጊዜ የበሰለ ማለት ነው። ስሙ በመጀመሪያ የመርከበኛና የወታደር ስንቅ ለነበረው፥ ሁለት ጊዜ ተጋግሮ ለደረቀው ዳቦ የተሰጠ ነበር። የእኛ የቅቤ ብስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚበስለው፤ ይሁን እንጂ ስሙን ወርሷል። ኩኪስ የሚለው የመጨረሻው ስም ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን በኬክ ቤቶች በኩል ተስፋፍቷል። በአንድ ሳሕን ላይ ባለ ነገር የላቲን፥ የሕንድና የእንግሊዝ ቃል ሲገኝ፥ ቅቤው ግን በአገሩ ስም መጠራቱን አለመተዉ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በሩቁ በስኮትላንድ አገር ሾርትብሬድ የሚባለው የታወቀው የቅቤ ብስኩት ከአንድ እጅ ስኳር፥ ከሁለት እጅ ቅቤና ከሦስት እጅ ዱቄት ይሠራል። በቀድሞው ዘመን ዱቄቱ የአጃ ነበር፤ ስለዚህ ከእኛ ጭኮ ጋር ያለው ዝምድና ሩቅ አይደለም። የዚህ ብስኩት አሠራር በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው በ1736 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ የጻፈችውም ማክሊንቶክ የምትባል አንዲት የስኮትላንድ ወይዘሮ ናት። ይህንንም ነገር ኋላ እናነሣዋለን።

ስኳር አቅጣጫውን ሲለውጥ

እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ ድረስ በአገራችን የሚበላው ስኳር ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነበር። በሚኤሶ ጣቢያ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ስኳር የሚመጣው ከምሥራቅ፥ ከጅቡቲ በኩል ነበር። በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ ቀጥሎም የወንጂ ሸዋ፥ ከዚያም በዚሁ በሐዲዱ መንገድ ላይ ያለው የመተሐራ ፋብሪካ ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ በሚኤሶ ስኳር በአመዛኙ ከምዕራብ የሚመጣ ሆነ። ሐዲዱ ያው ነው፤ ጣቢያውም ያው ነው፤ ሸክሙ ግን ፊቱን አዞረ። የአንድ አገር የኢኮኖሚ ለውጥ በአንዲት ጣቢያ ሲታይ ይህን ይመስላል።

በዚሁ ዘመን ትምህርት ቤቶችም የድርሻቸውን አደረጉ። በ1923 ዓ.ም. የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የሴቶችን ትምህርት በር ከፈተ፤ በ1950ዎቹም የቤት ባልትና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ሆነ። በልምድ የተያዘው ነገር በሚዛንና በሰዓት መለካት ጀመረ።

የቤት አሠራሩ

አንባቢያችን ታሪኩን ብቻ ሰምቶ እንዳይቀር አሠራሩን በአጭሩ እናስቀምጣለን።

ያለ ቅመም የነጠረና ከበረደ በኋላ የረጋ ቅቤ 200 ግራም፥ የፉርኖ ዱቄት 300 ግራም፥ ስኳር 100 ግራም ይዘጋጃል። ስኳሩ በሙቀጫ ተወቅጦ ይልማል፤ ዱቄቱ በወንፊት ይነፋል። ቅቤው ከስኳሩ ጋር እስኪነጣ ድረስ በእንጨት ማንኪያ ይመታል፤ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ዱቄቱ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል፤ ከተፈለገም የተወቀጠ ሄል ቆንጠር ተደርጎ ይገባል። ሊጡ እንደ ዳቦ አይታሽም፤ እስኪያያዝ ብቻ ይሰበሰባል። ብዙ የታሸ እንደ ሆነ የእጅ ሙቀት ቅቤውን ያቀልጠዋል።

ሊጡ ጥቂት ከቀዘቀዘ በኋላ የዋልኖት ያህል፥ ማለትም አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲገጥሙ የሚይዙትን ያህል፥ እየተድቦለቦለ በትሪ ላይ ይደረደራል። በላዩ ከባቢሌ የሚመጣውን ኦቾሎኒ አንዳንድ ፍሬ ቢያኖሩበት ያምራል። ምድጃ ያለው ሰው ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ባለው ሙቀት 20 ደቂቃ ገደማ ያቆየዋል። ምድጃ የሌለው ትሪውን አሸዋ በተነጠፈበት ሰፊ የብረት ድስት ውስጥ አኑሮ፥ ከታች ረመጥ፥ ከክዳኑ በላይም ጥቂት ፍም ያደርጋል። ወይም ትሪውን ለሰፈሩ ዳቦ ቤት ሰጥቶ፥ ዳቦው ከወጣ በኋላ በቀረው የለዘበ ሙቀት ያስጋግራል።

ብስኩቱ መቅላት የለበትም፤ ሥሩ ወርቅማ መልክ ሲይዝ፥ ላዩ ገና ነጭ ሆኖ ሳለ ይወጣል። በዚያን ሰዓት ሲነኩት ስለሚለሰልስ ያልበሰለ ይመስላል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ይጠነክራል። ቸኩሎ ያነሣው ሰው ዱቄት ይዞ ይቀራል።

ብስኩቱ እንደ መለኪያ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ቅቤ የተረፈ ወተት ነው። በአርብቶ አደሩ ቤት ወተት በመጀመሪያ የሕፃኑ ነው፤ ከሕፃኑ የተረፈው የቤተ ሰቡ፥ ከቤተ ሰቡ የተረፈው ይናጣል፤ ከተናጠውም ወጥ ከተሠራ በኋላ የተረፈው ነው ብስኩት የሚሆነው። ስለዚህ ብስኩት የመትረፍረፍ መጨረሻ ጫፍ ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ነው።

በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በወረረን ጊዜ ሐዲዱ ተቋረጠ፥ ድልድዮችም ፈረሱ፤ ሦስተኛው መንገድ ተዘጋ። በ2008 ዓ.ም. በምሥራቁ አገራችን የደረሰው ድርቅ የሐረርጌን ቆላዎች ክፉኛ ጎዳ፤ ከብት አለቀ፥ የቀረውም ወተቱ ነጠፈ፤ የመጀመሪያው መንገድ ደረቀ። በ2010 ዓ.ም. ገደማ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ ሚኤሶም የምትገኘው በዚሁ ወሰን አጠገብ ነው። ከቤቱ የተፈናቀለ ሰው ላም፥ ምጣድ፥ ጎረቤትም የለውም። በአንጻሩ ደግሞ በአንድ ቤት የቅቤ ብስኩት ሲጋገር ብናይ፥ ላሞቹ በሕይወት እንዳሉ፥ መንገዱ ክፍት እንደ ሆነ፥ ጎረቤቱም ሰላም እንደ ሆነ እናውቃለን። ለባለሥልጣን ከሚቀርቡት የጽሑፍ ሪፖርቶች ጎን ለጎን ይህም ሪፖርት ቢነበብ ይጠቅማል እንላለን።

አሮጌው ባቡር እየደከመ ሄዶ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ያለው ጉዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። በባቡሩ መምጫ ሰዓት ኑሮአቸውን ይመሩ የነበሩ የጣቢያ ከተሞች ሰዓታቸው እንደ ቆመባቸው ያህል ሆነ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር ተመረቀ። የዚህ መስመር ግንባታ ለሁለት የቻይና ኩባንያዎች ሲከፈል፥ ከሰበታ የመጣው ሥራና ከደወሌ የመጣው ሥራ የተገናኙት በሚኤሶ ነበር። አንዲት ትንሽ ከተማ በሁለት ዘመን ለሁለት ሐዲዶች መገናኛ ሆነች ማለት ነው። ይሁን እንጂ አዲሱ ባቡር በየመንገዱ የሚያቆመው ለጥቂት ጊዜ ስለ ሆነ፥ በየጣቢያው ሻይና ዳቦ ስትሸጥ የነበረችው ሴት በእርሱ ዘንድ የቀድሞ ስፍራዋን አላገኘችም።

ሌላም አደጋ አለ። የቅቤ ዋጋ እየናረ በመሄዱ፥ የፓልም ዘይትና የተክል ስብ በቅቤ ፋንታ ወደ ብስኩቱ ገብተዋል። በገበያም ቅቤን ከሌላ ስብ ጋር ደባልቆ መሸጥ በየጊዜው የሚሰማ ወንጀል ሆኗል። ባዕዱ ስብ ርካሽ ነው፤ የሚያዘውም ሰው አይወቀስም፤ ኪሱ የፈቀደለትን አድርጓልና። ነገር ግን ስሙ የቅቤ ብስኩት ሆኖ ቅቤው በወጣ ጊዜ፥ ከቅምሻው በላይ የሚጎድል ነገር አለ። ከሚኤሶ ቆላ ቅልዋን አዝላ ወደ ገበያ የምትወጣው ሴትና በከተማ ትሪ የምትደረድረው ሴት አንዲቱ የሌላዪቱ ደንበኛ ሆነው ኖረዋል። አንዲቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ፥ ሌላዪቱ አማርኛ ትናገር ይሆናል፤ አንዲቱ በጾም ቅቤ ትተዋለች፥ ሌላዪቱ በዒድ ትፈልገዋለች፤ በዚህም የተነሣ ገበያው በዓመቱ ሁሉ ሥራ አይፈታም ነበር። ባዕዱ ስብ ይህን ክር ይበጥሰዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የወተትን ልማት፥ የገበያን ቁጥጥርና የወሰንን ሰላም የሚመለከተው ሥራ የባለሥልጣኖች ነው፤ እነርሱም ያውቁታል። ለመምህራንና ለተማሪዎች ግን ከዚህ የቀለለና ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል ሥራ አለ። በስኮትላንድ አገር አንዲት ወይዘሮ በ1736 እ.ኤ.አ. የቤትዋን ሙያ በወረቀት ስላኖረች፥ ዛሬ በመላው ዓለም ስለዚያ ብስኩት የሚጽፍ ሁሉ ስምዋን ይጠራል። በሚኤሶ፥ በጭሮ፥ በሂርና፥ በበዴሳና በገለምሶ ያሉት እናቶች ከእርስዋ የሚያንስ ሙያ የላቸውም፤ የጎደላቸው ጸሐፊ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲሄድ እናቱንና አያቱን ቅቤውን ከማን ይገዙ እንደ ነበር፥ ስኳሩን በምን ይለኩ እንደ ነበር፥ ትሪውን በየትኛው ዳቦ ቤት ያስጋግሩ እንደ ነበር፥ የመጀመሪያውንም ብስኩት ከየትኛዋ ጎረቤት እንደ ተማሩት ጠይቆ ቢጽፍ፥ በጥቂት ዓመት ውስጥ በየትምህርት ቤቱ አንድ አንድ ደብተር ይሞላል። መምህሩ ደብተሮቹን ሰብስቦ በቤተ መጻሕፍት ያኑራቸው። የሐዲዱ ታሪክ በፈረንሳይኛም በአማርኛም ተጽፏል፤ በሐዲዱ ዳር ሻይ አፍልተው መንገደኛውን ያበሉት ሴቶች ታሪክ ግን የሚጻፈው እነርሱ በሕይወት ሳሉ ብቻ ነው።